ሚስ ሉቪኒያ ያሳዩት ቦታ

ሚስ ሉቪኒያ ኬፐርስ ሰው አይወዱም ነበር። ስማቸውን ላጥፋ ብዬ አይደለም፤ ራሳቸውም አይክዱትም። በጊሊያርድ ደሴት ያደግን ልጆች በሙሉ ትምህርት ቤት የተመላለስነው እሳቸው በሚነዱት ቢጫ ሰርቪስ ነው። ጠዋት "እንደምን አደሩ" ብለን ስንሳፈር መልሳቸው "ተቀመጥ" ወይም "ተቀመጪ" ነበር። ከኋላ ወንበር የሚንሾካሾክ ከሰሙ ቀና ብለው በመስታወቱ ያዩና፣ "አንተ የላድሰን ልጅ፣ እናትህ አፍህን ስትሠራ መዝጊያ አልቆባት ነው?" ይሉ ነበር። ግን አንድም ቀን አርፍደው አያውቁም። ዝናብ ድልድዩን ባጥለቀለቀበት ዓመት ሌሎቹ ሾፌሮች ሲቀሩ እሳቸው መጡ። "ደንቁራችሁ ቀርታችሁ ጎረቤት እንድትሆኑኝ አልፈልግም፤ ግቡ" አሉን።

እነዚያን ጠዋቶች ሳስታውስ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ማጅራታቸው ነው። በቀኝ በኩል የረግረጉ ሣር፣ ከሣሩ ወዲያ የሚያብለጨልጨው ውኃ፣ ከፊት ደግሞ ያ የማይዞር ማጅራት። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ዋናው መሬት ላይ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ፣ ጸጉሬ ሸብቶ ወደ እናቴ ቤት ስመለስ ማጅራቱ እዚያው ጠበቀኝ። ሚስ ሉቪኒያ ጡረታ ወጥተው በረንዳቸው ላይ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ይቀመጡ ነበር። መንገደኛ ሰላም ሲላቸው ሳይዞሩ እጃቸውን ያነሳሉ። ሰላምታ ይሁን ማባረር ለይቼ አላውቅም።

የኬፐርስ መሬት ከእናቴ ቤት ፊት ለፊት ይጀምርና በትልልቆቹ የኦክ ዛፎች ሥር አልፎ እስከ ውኃው ይደርሳል። ከባርነት ነፃ በተወጣ ማግስት የገዙት የሚስ ሉቪኒያ ቅድመ አያት ነበሩ። ሲሞቱ ኑዛዜ አልተዉም። ልጆቻቸውም አልተዉም፤ የልጅ ልጆቻቸውም እንዲሁ። ለእኛ ለሳውዝ ካሮላይና ደሴቶች ሰዎች ፍርድ ቤት ማለት መሬት ገብቶ የማይወጣበት ቤት ነበር። ኑዛዜ የጻፈ ሰው ርስቱን አንድ እግር ወደዚያ ቤት አስገባ ማለት ነው ተብለን አደግን። ስለዚህ መሬቱ የማንም ሳይሆን የሁሉም ሆኖ ኖረ። በእኔ ጊዜ በላዩ ላይ ዘጠኝ ቤት ነበር። ድርሻ ያላቸው ግን ከዚህ እስከ ኒውዮርክ የተበተኑ ናቸው፤ ብዙዎቹ ደሴቱን አይተውት አያውቁም።

ታዲያ ሥርዓት አልነበረውም ማለት አይደለም። ከዚያ ዘር የተወለደ ሰው የትም አገር ኖሮ ቢመጣ "ቦታ አሳዩኝ" ይላል። በመሬቱ ላይ ከሚኖሩት በዕድሜ ትልቁ ይነሳና ከመጣው ሰው ጋር ይሄዳል፤ የሌላ ሰው ምድጃ ያልነበረበትን ቦታ መርጦ በገዛ እጁ ካስማ ይተክላል። በቃ። ቤቱ እዚያ ይቆማል። አይጻፍም፣ አይፈረምም፣ ማንም ለምን አይልም። ታላላቆቻቸው ሲያልቁ ካስማ የመትከሉ ተራ ሰው ለማይወዱት ለሚስ ሉቪኒያ ደረሰ።

ከማይወዷቸው ሁሉ በላይ የማይወዷት አንዲት ሰው ነበረች። ታናሽ እህታቸው ኧርነስቲን በወጣትነቷ ፊላደልፊያ ሄዳ እዚያው ቀረች። እናታቸው ታመው አልጋ ላይ ሲውሉ ሚስ ሉቪኒያ ጠዋትና ከሰዓት ሰርቪሱን እየነዱ፣ በመሃል እናታቸውን እያጠቡና እያጎረሱ ዓመታት አሳለፉ። ኧርነስቲን አልመጣችም። ለቀብሩም አልመጣችም፤ አበባ ላከች። ሚስ ሉቪኒያ አበባውን ከነካርዱ ቦይ ውስጥ ሲወረውሩት በዓይኔ አይቻለሁ።

የኧርነስቲን ልጅ ኦሪን የመጣው እናቱ በሞተች በዓመቷ፣ በሐምሌ ነው። የከተማ አውቶቡስ መካኒክ ሆኖ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ሲያወራ ኮፍያውን የሚያሻሽ ሰው ነው። እኔ ያን ሳምንት ደሴቱ ላይ አልነበርኩም። የነገሩኝ ዲያቆን ላድሰን ናቸው፤ ሟች ሚስታቸው ከኬፐርስ ዘር ስለነበረች ቤታቸው እዚያው መሬት ላይ ነው። በረንዳው አጠገብ የሽሪምፕ ማጥመጃ መረብ እየጠገኑ ሁሉንም ሰምተዋል።

"አክስቴ፣ ኦሪን ነኝ። የኧርነስቲን ልጅ።"

"አፍንጫህ ቀድሞ ነግሮኛል።"

"እናቴ አረፈች እኮ። ዓመት ሆናት።"

"ሰምቻለሁ። እሷም የእናታችንን ሰምታ ነበር።"

ኦሪን ኮፍያውን አሸ። "እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ አክስቴ። ስለዚያ የማውቀው የለም። እናቴ ሁልጊዜ ስለዚህ ቦታ ታወራ ነበር። ፊላደልፊያ አሁን ብቻዬን ነኝ። ቦታ እንዲያሳዩኝ ነው የመጣሁት።"

ሚስ ሉቪኒያ አፍንጫውን እንደገና አዩት። ከዚያ ተነስተው ካስማና መዶሻ ያዙና መንገድ ጀመሩ። ዘጠኙን ቤቶች አለፉ፤ የኦክ ዛፎቹን አለፉ፤ የእናታቸውን የአትክልት ቦታ አለፉ። ረግረጉ ዳር ሲደርሱ ቆሙ። ውኃው ሸሽቶ ነበርና ቦታው ሜዳ ይመስላል፤ ሣሩ አረንጓዴ፣ ነፋሱ ቀዝቃዛ።

"እዚህ" አሉ፤ ካስማውን መትተው አስገቡ። "ከአልጋህ ሳትነሳ ፀሐይዋ ስትወጣ ታያለህ።"

ዲያቆኑ ከኋላ ተከትለው ነበር። "ሉቪኒያ! እዚያ?"

"ዝም በል ላድሰን። መረብህን ስፋ።"

ኦሪን እጃቸውን ይዞ አመሰገናቸው። "እንባ አውጥቶ ነበር እኮ" አሉኝ ዲያቆኑ፤ "ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ግን ካስማ ከተተከለ በኋላ ማን ይናገራል?"

ነሐሴ ላይ ኦሪን ተጎታች ቤት አስመጣ። በድንጋይ ከፍ አድርጎ አቆመው፤ መጋረጃ ሰቀለ፤ በረንዳ አበጀለት፤ ማታ ማታ ሬዲዮ ከፍቶ ይቀመጥ ነበር። ደሴቱ በሙሉ የሚያውቀውን ነገር የማያውቅ እሱ ብቻ ነበር። መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ጨረቃዋ ስትሞላና ነፋሱ ከባሕር ሲነሳ፣ የዓመቱ ትልቁ ሙላት ይመጣል። መጣ። ጠዋት ኦሪን ሲነቃ ጫማው ክፍሉ ውስጥ ይዋኝ ነበር።

ያን ጠዋት እኔም ደጃፋችን ላይ ነበርኩ። ኦሪን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ወደ ሚስ ሉቪኒያ በረንዳ ሲሄድ ሰዉ ከየቤቱ ወጣ።

"ያውቁ ነበር!" አላቸው።

"ምኑን?"

"ውኃው እንደሚመጣ!"

"ባሕር ነው። ሌላ ምን ሥራ አለው?"

ሰዉ ሳቀ። ኦሪን ዞሮ የሚስቁትን አያቸው፤ ከዚያ ወደ አክስቱ ሲመለስ "እርስዎ" ማለቱን ትቶ ነበር።

"አንቺ የተረገምሽ ሴትዮ! ያለኝን ሁሉ እዚያ ቤት ላይ ጨርሻለሁ! እናቴ ምን አድርጋሽ ነው?"

"እናትህ ምንም አላደረገችም። በደሏም ያው ነው።"

"እኔም እንዳንቺ እኩል ድርሻ አለኝ እዚህ መሬት ላይ፤ ጠበቃ ነግሮኛል! እሸጠዋለሁ!"

"ሽጠዋ!" አሉ ሚስ ሉቪኒያ፤ በዚያ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ከመቀመጫቸው ተነስተው። "ሂድ ሽጠው! ማን ይገዛዋል? ግማሹን ለሸርጣን፣ ግማሹን ለትንኝ ሽጠው! ትንኟ ጥሩ ዋጋ ትሰጥሃለች፤ ደምህ ገና የከተማ ነው!"

ሳቁ እስከ መንገዱ ድረስ ተሰማ። ኦሪን ያኔውኑ ከደሴቱ ወጣ። ቤቱን እንኳ አላነሳም።

ሚስ ሉቪኒያ ያን ቀን የተናገሩት ቀልድ አልነበረም፤ እውነት መስሏቸው ነው። የማይታይ፣ ያልተለየ፣ ወሰን የሌለው ድርሻ ማንም አይገዛም ብለው ያምኑ ነበር። ሁላችንም እናምን ነበር። ገዢ ግን ነበር። በደሴቱ ማዶ ጫፍ የጎልፍ ሜዳና የሀብታም ቤቶች የሚሠራ ኩባንያ ድርሻውን ገዛ። እንደ ገዛም ፍርድ ቤት ገብቶ፣ "እኔም የጋራ ባለቤት ነኝ። ከነዚህ ሰዎች ጋር በጋራ መኖር አልችልም። መሬቱ ለመቶ ሰው ሊሸነሸን ስለማይችል በሙሉ ይሸጥና ሁላችንም ገንዘባችንን እንውሰድ" አለ።

ይህ የብልጠት ክስ በእኛ ሰዎች ላይ ለዘመናት የሠራ ነው። በአንድ የራቀ ዘመድ ድርሻ ገብተው መሬቱን በሙሉ በሐራጅ ያስወጡታል፤ ከዚያ ራሳቸው ይገዙታል። ቅርብ ጊዜ ነው የክፍለ ግዛታችን ምክር ቤት አዲስ ሕግ ያወጣው። ሕጉ ሲወጣ የነበረውን ጭቅጭቅ በጋዜጣ ተከታትዬዋለሁ፤ አሁንም አላለቀም። አንዱ ወገን "ርስት እንደ ሸቀጥ አይታይ" ይላል፤ ሌላው "ሰው የገዛ ድርሻውን ሸጦ እንዳይወጣ ማሰር ይህም ሌላ ባርነት ነው" ይላል። እውነቴን ነው፣ የሁለተኛውን ክርክር እንደ ሌሎች ጎረቤቶቼ በቀላሉ መናቅ አልቻልኩም። ኦሪን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ሲመጣ አይቻለሁና።

የነፃ ጠበቃ ድርጅት ሻኒስ ማዚክ የምትባል ወጣት ላከልን። ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ሰብስባ ሕጉን አስረዳችን። መጀመሪያ ዘመዶች የኩባንያውን ድርሻ በግምት ዋጋ የመግዛት ቅድሚያ አላቸው አለች። ግምቱ የወጣው በጎልፍ ሜዳው ዋጋ ስለነበር ያ መንገድ ወዲያው ተዘጋ።

"ሁለተኛው መንገድ" አለች፣ "ዳኛዋ ከመሸጥ ይልቅ መሬቱን እንዲከፋፍሉ ማሳመን ነው። ኩባንያው የገዛውን ያህል ቆርጦ ይውሰድ፣ ሌላው ለቤተሰቡ ይቅር። ለዚህ ግን መሬቱ ለእናንተ ሸቀጥ አለመሆኑን ማሳየት አለብን። ከዘሩ የተወለደ ሁሉ ተመልሶ የሚያርፍበት ቤት እንደሆነ። ማንም እምቢ እንደማይባል።"

ሁሉም ወደ አንድ ወንበር ዞረ።

"ምን ታዩኛላችሁ?" አሉ ሚስ ሉቪኒያ።

"በአንቺ ምላስ ዘጠኝ ቤት ሊፈርስ ነው" አሉ ዲያቆን ላድሰን።

"መጀመሪያ የሳቀው ማን ነው? ያንተን ሳቅ እዚህ ድረስ እሰማዋለሁ፤ እንደ አህያ ነበር የምታናፋው።"

"እኔ ስቄያለሁ። ካስማውን የመታሁት ግን እኔ አይደለሁም።"

"መምታት ብትችል አይደል! ሚስትህ በሕይወት እያለች ሚስማር የምትመታልህ እሷ ነበረች።"

ጠበቃዋ እጇን አንስታ አስቆመቻቸው። "ሚስ ኬፐርስ፣ ኦሪን ለኩባንያው ይመሰክራል። ስለ ረግረጉ ይጠይቁዎታል። እውነቱን ከተናገሩ ክርክራችን ይጎዳል። ግን ውሸት አላስተምርዎትም።"

ስንወጣ ዲያቆኑ ቀስ ብለው ወደ ጆሯቸው ጠጋ አሉ። "ሉቪኒያ፣ እንዳታብጂ። 'አሮጊት ነኝ፣ ውኃው እስከዚያ መድረሱን ዘነጋሁት' በይ። ማን ያስተባብላል? እኔ አላስተባብልም።"

ሚስ ሉቪኒያ ለአንዴ እንኳ አልተሳደቡም። ያ አሳሰበኝ።

ፍርድ ቤቱ ከድልድዩ ማዶ ነው። ሚስ ሉቪኒያ በዕድሜያቸው ሙሉ በደጁ እንጂ በውስጡ አልፈው አያውቁም ነበር። በእኔ መኪና ወሰድኳቸው፤ መንገዱን በሙሉ ስለ አነዳዴ ተናገሩ። "ፍሬን የተሠራው ለመርገጥ ነው፣ አንቺ አስተማሪ። ወይስ ስለ ፍሬን የሚያስተምር መጽሐፍ አላገኘሽም?"

ኦሪን ቀድሞ መሰከረ። ስለ ካስማው፣ ስለ መጋረጃው፣ ስለ ጫማው፣ ስለ ሳቁ ተናገረ። ድምፁ ከፍ አላለም፤ ያ ነው የባሰው። የኩባንያው ጠበቃ ሚስተር ፕሩት ለዳኛዋ፣ "ክቡር ፍርድ ቤት፣ የሁሉም ቤት የተባለው መሬት ይህ ነው" ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያ ተራው የሚስ ሉቪኒያ ሆነ። ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ እንኳ ጸሐፊውን ገላመጡት።

"ለእህትዎ ልጅ ያሳዩት ቦታ የትኛው ነው?" አለ ፕሩት።

"ረግረጉ ዳር።"

"ውኃ እንደሚገባው ያውቁ ነበር?"

ዲያቆን ላድሰን ከጎኔ ነበሩ። ከንፈራቸው "ዘነጋሁት" ሲል አየሁ። ሚስ ሉቪኒያም አዩ። ጥቂት ቆዩ፤ እውነትም ሊሉት የቃጣቸው መሰለኝ።

ፕሩት ግን ዝምታውን መጠበቅ አቃተው። "ሁለት ነገር ነው፣ ሚስ ኬፐርስ። ወይ አውቀው ይህን ሰው አታለውታል፤ ወይ ደግሞ በጣም እወደዋለሁ ብለው የሚከራከሩለትን መሬት ውኃው የት እንደሚደርስ እንኳ አያውቁትም። የትኛው ነው?"

"ማነው የማያውቀው?"

"እኔ እየጠየቅሁ ነው።"

"ስማ፣ አንተ ልጅ። እዚያ ረግረግ ውስጥ ቆሜ ኦይስተር ከነዛጎሉ ስለቅም እናትህ ገና አልተወለደችም። በየትኛው ጨረቃ የትኛው ሣር ሥሩ እንደሚረጥብ አውቃለሁ። አውቄ ነው ያሳየሁት። ቤቱ ውኃ እንዲገባው ብዬ ነው።"

ዲያቆኑ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ማዚክ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ፕሩት "ጨርሻለሁ" ብሎ ሲቀመጥ ፈገግታውን አልደበቀም። በዚያች ደቂቃ ዘጠኙም ቤቶች የፈረሱ መሰለኝ፤ የእነሱ መሬት ሲሄድ የእናቴ ቤት የሚያየው ምን እንደሚሆን አሰብኩ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። እስከዚያ ድረስ ብዙ አልተናገሩም ነበር።

"ሚስ ኬፐርስ፣ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ይህን ሰው ካልወደዱት ለምን አላባረሩትም? ለምን 'ቦታ የለም፣ ሂድ' አላሉትም?"

ሚስ ሉቪኒያ ዳኛዋን የቤት ሥራውን እንዳልሠራ ተማሪ አዩዋቸው።

"እንዴት ብዬ?"

"ይጠሉታል እኮ።"

"አዎ እጠላዋለሁ! መጥላት ሌላ ነው። ቦታ አሳዩኝ ብሎ መጣ፤ የኧርነስቲን ልጅ ነው። መሬቱ የእኔ ነው እንዴ እምቢ የምለው? ማሳየት አለብኝ። ከሁሉ የከፋውን ፈልጌ አሳየሁት። ከዚያ የከፋ ቢኖር ኖሮ ያንን ነበር የማሳየው። እምቢ ግን አይባልም።"

"ማንም ተብሎ አያውቅም?"

"ማንም። የእናቴ አጎት ልጅ ቤቷን አቃጥሎ እስር ቤት ገባ። ሲፈታ መጣና ቦታ አሳዩኝ አለ። ተራው የእሷ ነበር፤ አሳየችው።"

"ጥሩ ቦታ?"

"ጉንዳን ያለበት።"

አዳራሹ ሳቀ፤ ዳኛዋም አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ከዚያ ግን ለረጅም ጊዜ ጻፉ። ፕሩት ፈገግታውን አጥቶ ነበር። ማዚክ እስክሪብቶዋን መልሳ አነሳች።

ውሳኔው የተነበበው በክረምቱ መጨረሻ ነው። ዳኛዋ የወራሾቹን ስም አንድ በአንድ አነበቡ። ቀጥለው፣ ሰዎች ሲዋደዱ የሚጠብቁት ልማድ ብዙ እንደማያስረዳ፣ እየተጣሉ እንኳ ሊጥሱት ያልቻሉት ልማድ ግን ከምንም ወረቀት በላይ እንደሚያስረዳ ተናገሩ። መሬቱ አይሸጥም፤ ይከፋፈላል። ዲያቆን ላድሰን "ሃሌ ሉያ" ብለው ተነሱ፤ ጸሐፊው አስቀመጣቸው።

የቀረውን ስንሰማ ግን ማንም አልተነሳም። ሕጉ ድርሻን የሚያካክለው በዋጋ ነው፤ ውኃ የሚገባው መሬት ግምቱ ዝቅ ስለሚል ትንሽ ድርሻ ብዙ ስፋት ያገኛል። ኩባንያው የጠየቀውና ቀያሾቹ ያሰመሩለት የውኃውን ዳር ነበር፤ ከኦክ ዛፎቹ ወዲያ ያለውን በሙሉ፣ ጀልባዎቻችን የሚቆሙበትንና ኦይስተር የምንለቅምበትን ጭምር። ዘጠኙ ቤቶች ቀሩ። ባሕሩ ሄደ።

ኮሪደሩ ላይ ኦሪን ቆሞ ነበር። የኩባንያው ሰዎች ሳያዩት አልፈውት ሄዱ፤ ከእሱ የሚፈልጉት ነገር አልቆ ነበር።

"አሸነፍሽ" አለ።

"ውኃዬን አጥቼ እያየኸኝ?" አሉ ሚስ ሉቪኒያ። "ይህ ማሸነፍ ከሆነ አሸነፍኩ።"

"እኔ እንዲህ ይሆናል አላልኩም። ድርሻህን ብቻ ነው የምንፈልገው ነው ያሉኝ። የዚያን ቀን ሳቅ… አሁንም ይሰማኛል፣ አክስቴ።" ኮፍያውን አሸ። እንደገና "አክስቴ" ማለቱን ሁላችንም ሰማን። "ፊላደልፊያ የሚጠብቀኝ ሰው የለም። ከኦክ ዛፎቹ ወዲህ፣ የትም ይሁን የት፣ ጉንዳን ያለበትም ቢሆን… ቦታ ያሳዩኝ።"

ዲያቆን ላድሰን ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ሚስ ሉቪኒያ ወደ ቤት እንደ ደረሱ ካስማ የሚፈልጉ መስሎኝ ነበር፤ ክፉ ቦታ፣ ድንጋያማ ቦታ፣ ግን ቦታ።

"ዳኛዋ የወራሾቹን ስም ሲያነቡ ነበርክ?" አሉት።

"ነበርኩ።"

"ስምህን ጠሩት?"

ኦሪን ወለሉን አየ።

"ጠሩት ወይ?"

"አልጠሩትም። ሸጫለሁ።"

"እንግዲያው እምቢ።"

"ሉቪኒያ!" አሉ ዲያቆኑ።

"ምን ሉቪኒያ ትለኛለህ? ሕግ ነው። እኔ አላወጣሁትም።"

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ንዴት አልነበረም። አዲስ ጫማ አድርጎ ወለሉ ላይ መራመድ እንደሚሞክር ሰው ነበሩ። በኬፐርስ መሬት ጉዳይ "እምቢ" የሚለውን ቃል የተናገረ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው፤ የተናገሩትም ያ ቃል ተነግሮ አያውቅም በማለታቸው መሬቱ በዳነበት ሕንፃ ውስጥ ነው። ኦሪን ደረጃውን ወርዶ ሄደ። ሚስ ሉቪኒያም ጀርባቸውን ሰጡት። ወደ ቤት ስንመለስ ስለ አነዳዴ አንድም ቃል አልተናገሩም።

አሁን ከኦክ ዛፎቹ ወዲያ የብረት በር አለ፤ በሩ ላይ ዘበኛ። ሚስ ሉቪኒያ በየሳምንቱ ይሄዱና ይሰድቡታል። ሰውየው ከዋናው መሬት የመጣ ድሃ ነው፣ ኮፍያውን አንስቶ "እሺ እመቤቴ" ይላቸዋል፤ ይህ ደግሞ የበለጠ ያናድዳቸዋል። ዲያቆኑ ኦይስተር ከሱቅ ነው የሚገዙት፤ እንደገዙትም ለማንም አይናገሩም።

ባለፈው ጸደይ አንዲት ወጣት ከባልቲሞር ሕፃን ታቅፋ መጣች። የሚስ ሉቪኒያ የአጎት ልጅ የልጅ ልጅ ናት። በረንዳው ሥር ቆማ፣ አያቷ ያስጠኗትን ቃል እንደ ጸሎት አድርጋ፣ "ቦታ እንዲያሳዩኝ መጥቼ ነው" አለች። እኔ ከመንገዱ ማዶ አጥር እያስተካከልኩ ነበር። ሚስ ሉቪኒያ አልተነሱም።

"አባትሽ ሸጧል ወይስ አልሸጠም?"

"ምኑን?" አለች ልጅቷ።

"ድርሻውን ነዋ። አለመሸጡን የሚያሳይ ወረቀት አለሽ?"

"ወረቀት? አያቴ… አያቴ ወረቀት ያስፈልጋል አላሉኝም። ስምሽን ብቻ ንገሪያቸው ነው ያሉኝ።"

"አያትሽ ሞተዋል። ወረቀቱን ይዘሽ ነይ።"

ልጅቷ ሕፃኑን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዛወረች፤ የኦክ ዛፎቹን አየች፤ መኪናዋን አዙራ ሄደች። እስካሁን አልተመለሰችም።